ደህና ነኝ የሚለው አምድ

የእህቴ ዳቦ ቤት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የያዘችው። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ሙያዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ይህ ሁሉ በሆነበት ጊዜ ግን በጦርነቱ ትምህርት ከተቋረጠ ወራት ስላለፈ ጠመኔውን ትቼ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ዳቦ በፌስታል ስከትት ነበር የምውለው።

ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት ዳቦ ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ነበረው። የምይዘውም እኔ ነበርሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የትኩስ ድፎ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ የበዓል ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ አንዳንዴም ቤት ውስጥ የሚሠራ ኬክ አሠራር እጽፋለሁ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ አብሮ ጠፋ። የገጠሩ ስልክማ ከዚያም የባሰ ነበር፤ አንድ ቀን ከሠራ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ አይሰማም። እህቴ የንግዱ ነገር አሳሰባት። ደንበኛው እየሳሳ ነው፣ ሰው ጭራሽ ሊረሳን ነው እያለች ትጨነቅ ጀመር። እኔም ሥራ መፍታቱ አሰልችቶኝ ስለነበር አንድ ሐሳብ አመጣሁላት፤ በየቅዳሜው አንድ ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ፣ ፎቶ ኮፒ እናስነሣና ከዳቦው ጋር በነጻ እንስጥ አልኋት።

ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። እኔም እንደ አስተማሪ ልማዴ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርሁ። የወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ስለ ዳቦ ዓይነቶች፣ ሁለተኛው ስለ ጾምና ስለ ፍስክ ምግብ፣ ሦስተኛው ለጥያቄና መልስ፣ አራተኛው ደግሞ የአንድ ደንበኛ ወግ የሚወጣበት እንዲሆን ደለደልሁ። በዓላቱን ከቀን መቁጠሪያ እያየሁ የእያንዳንዱን ወር አምድ አስቀድሜ ሞላሁ። ሠንጠረዡን ዱቄት በሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ለጠፍሁት። ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር ቆም ብዬ አየው ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማው ውስጥ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በሩ ላይ ግን የመጪው ዓመት ሁሉ በቦታ በቦታው ተቀምጧል።

ማንም አላነበበውም። ሰው በወረቀቱ ዳቦውን ጠቅልሎ ሄደ። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቦዩ ውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለ እርሾ የጻፍሁት ላይ ባጃጅ ሄዶበት ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሳምንት እንደዚያው ሆነ። እህቴ ልታስቀይመኝ ስላልፈለገች ዝም አለች፤ ኋላ ግን እኔ ይበጃል ያልሁትን ከምጽፍ ሰዎቹን ራሳቸውን ብጠይቃቸው እንደሚሻል ነገረችኝ።

ባዶ የእርሾ ካርቶን አፉን ቀድጄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። «ወረቀታችን ላይ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?» ብዬ ጻፍሁበት፤ እስክሪብቶም በክር አሰርሁለት። መጻፍ የማይችለውን ደግሞ ሰልፍ ላይ እንዳለ እየጠየቅሁ ራሴ ጻፍሁለት። ካርቶኑ ቶሎ ሞላ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና እህቴ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ከፈትነው።

መጀመሪያ የወጡት ያሳቁን ነበር። ዳቦው ለምን አነሰ የሚለው ብዙ ነው። ጨው ይጨመርበት የሚልም ነበር፤ ጨው ይቀነስለት የሚልም። እየቆየ ግን ሳቃችን ጠፋ። ከግማሽ የሚበልጡት ስለ ዳቦ አላነሡም። የጉንደ ወይን መንገድ ተከፍቶ እንደሆነ ንገሩን ይላል አንዱ። ሌላዋ ደምበጫ ያለችው እህቷ ወልዳ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። እናቴን ደህና ነኝ በሉልኝ የሚሉ ነበሩ፤ የእናታቸውን ቀበሌና የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እየጠቀሱ። አንዱ ስሙንም አገሩንም ሳይጽፍ «እኔ አለሁ» ብቻ ብሎ አጥፎ ከትቶታል። እህቴ ያቺን ብጣሽ ገልበጥ አድርጋ ጀርባዋን አየች፤ ምንም አልነበረባትም።

እህቴ ፈሪ አይደለችም፤ ግን ጠንቃቃ ናት። ብጣሾቹን ጭኗ ላይ ሰብስባ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አትጻፊ፤ ማን ምን አደረገ የሚል ነገርም እንዳይገባ» አለችኝ። «ሰላምታ ብቻ ከሆነ ግን ይውጣ። ሰላምታ ማንን ይጎዳል?»

እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ተቀደደ። አዲሱን አንባቢዎቹ ራሳቸው ሠሩት ማለት ይቻላል። የወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጉንደ ወይንና ዙሪያው ላለ ቤተሰብ የሚላክ መልእክት ይወጣል። ሁለተኛው የደምበጫ ነው። ሦስተኛው የከተማው ነው፤ የወለደ፣ ያገባ፣ ያረፈ ይነገርበታል። አራተኛውን ሳምንት እህቴ ለዳቦ አስቀረችው፤ ይህማ የኛም ቤት ነው አለች። አንድ መልእክት ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ወሰንን። የአምዱን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ደህና ነኝ» አልሁት፤ ሁሉም የሚጀምረው በዚያ ነበርና።

ማን ያድርሰው የሚለው አልቸገረንም። የደምበጫውን መንገዱ ሲፈቅድ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወሰደልን። የጉንደ ወይኑን ደግሞ ሐጂ የምንላቸው ደንበኛችን ያዙት። ሐጂ ጉንደ ወይን ላይ የልብስ ሱቅ አላቸው፤ ዕቃ ሊያመጡ ማርቆስ በመጡ ቁጥር ለልጆቻቸው ዳቦ ሳይገዙ አይመለሱም። ወረቀቱን ከጨርቁ ጋር ጠቅልለው ይወስዱና ሱቃቸው በር ላይ አንዱን ይለጥፋሉ፤ የቀረውን ገበያ ለሚወጣው ያድላሉ። ሲመለሱ ይተርኩልን ነበር። ማንበብ የማይችሉት ሴቶች ተማሪ ፈልገው ያስነብባሉ፤ የልጃቸው ስም ሲጠራ ወረቀቱን ይስማሉ አሉን። እህቴ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቦይ ውስጥ የወደቀ ወረቀት አላየሁም። ሰው ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ይመጣል። ዳቦ የማይገዛም እየመጣ ይሰለፋል፤ እህቴም ዝም ትላለች። በሕይወቴ ብዙ ጽፌያለሁ፤ የፈተና ጥያቄ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የወላጆች ቀን ንግግር። የጻፍሁትን ሰው እንደዚያ ቆሞ ሲጠብቀው ያየሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከደንበኞቻችን አንዱ የቀን ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነበር። ከኛ በታች የሚሠራ ፎቅ አለ፤ እሱ እዚያ ለግንበኞቹ ሲሚንቶ ያቀብላል። ጠዋት ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ ዳቦ የሚገዛው እሱ ስለነበር ከሰልፉ ፊት ነው የሚገኘው። ጸጉሩና ቅንድቡ በሲሚንቶ ብናኝ ስለሚነጣ እህቴ ሽማግሌው መጣ እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይይዝላታል። አገሩ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። አባቱ የተኛ በሽተኛ እንደሆነና እናቱ ብቻዋን እንደምታስታምመው ነግሮናል።

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሰሞን የጉንደ ወይን ሳምንት ደረሰ። ወጣቱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ መልእክቱን በገዛ እጁ ጻፈ። መጀመሪያ ገጹን ሙሉ ሞላው፤ ሁለት መስመር ብቻ እንደሚፈቀድ ስነግረው ሳቀና ሌላ ብጣሽ ጠየቀኝ። «ለእናቴ፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ አለኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በጉን አትሽጪው» ይላል የጻፈው፤ ከሥሩ ስሙንና ቀበሌውን አስፍሯል። ቅዳሜ ዕለት ሐጂ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። እሳቸው አገራቸው እንደገቡ መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋ።

ወጣቱ የሞተው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ሠራተኛው የሚቆምበት የባሕር ዛፍ ረብራብ ከነሰዎቹ ተንዶ ወደቀ። ሌሎቹ ተሰብረው ተረፉ፤ እሱ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። እኛ የሰማነው ረቡዕ ጠዋት ነው። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ፎርማኑ ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው፣ ፌስታሉን እንዴት እንደሚይዘው ግራ የገባው። እህቴ፣ ዛሬስ ሽማግሌው የት ቀረ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮፍያውን አወለቀ።

አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመላክ ሠራተኞቹ ብዙ ሞክረዋል። መኪና አልተገኘም፤ የተገኘውም አልደፈረም። ስልኩም አይሠራም። ስለዚህ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቀበሩት። እኔም እህቴም ቀብሩ ላይ ነበርን፤ አብዛኛው ሰው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው። አፈሩ ሲመለስ፣ አልቃሽ የሆነ ዘመድ ስላልነበረ፣ የዳቦ ሰልፍ ላይ የሚያውቁት ሴቶች አለቀሱለት። ፎርማኑ ማረፉን በወረቀቱ እንድናወጣ ለመነን። ተራው የከተማው ሳምንት ሲደርስ አወጣነው። ያ ወረቀት ግን ጉንደ ወይን አልሄደም፤ በዚያ መስመር የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ጾሙ እንዲሁ አለቀ ማለት ይቻላል። መንገዱ የተከፈተው ለሆሳዕና ነው። በማግሥቱ ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገቡ። በዚያ ሳምንት ሰው እጅ አይጨባበጥም፤ እሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ አለፉ። ሰልፉን ሳይዙ ቀጥታ ወደ ባንኮኒው መጡ። በጀርባቸው ትንሽ ስልቻ አዝለዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ወረቀት አወጡ፤ ከብዙ መታጠፍ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ተበስቷል።

«ይኼ የናንተ ነው?» አሉ።

እህቴ የኛ መሆኑን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳርፈው፣ «ለእናቴ፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ አለኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በጉን አትሽጪው» አሉ። በቃላቸው ነበር የሚያውቁት። ጣታቸው ያረፈው የሌላ ሰው መልእክት ላይ ነው።

የእህቴን ፊት አየሁት። እጇን ከባንኮኒው ላይ አንሥታ ሽርጧ ላይ ጠረገችው፤ እንደገናም ጠረገችው። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይግቡ እናቴ፣ ደክሞዎታል፤ እስኪ ይቀመጡ» አለች።

እኔ ወደ ውስጥ አስገብቼ ዱቄት ክፍሉ በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። እህቴ ምን እያሰበች እንደሆነ ሳትነግረኝ ገብቶኛል። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ከግራ ከቀኝ ደግፎ የሚይዛቸው ኖሮ ነው የሚነገረው። እኛ ባዳ ነን፤ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። እህቴ ጋጋሪያችንን በባጃጅ ወደ ፎርማኑ ላከችው፤ የልጁ የአባቱ ዘመድ የሆነች ሴት ገበያው አጠገብ እንደምትኖር ፎርማኑ ከቀብሩ በኋላ ሰምቶ ነግሮን ነበር። እሷ እስክትመጣ ሴትዮዋን ማቆየቱ የኔ ሥራ ሆነ።

ውኃ ሰጠኋቸው። ዳቦ አቀረብሁላቸው፤ በሕማማት እስከ ማታ እንደሚጾሙ ነግረውኝ መለሱልኝ። ስልቻው ውስጥ ያለው በሶ መሆኑን፣ ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሶ እንደሚወድ ነገሩኝ። መንገዱ ስለተዘጋ ነው የቀረው ብለው ሲጠብቁ እንደነበረ፣ መንገዱ ከተከፈተ ግን እሱ እስኪመጣ መጠበቁን እንዳልቻሉ አጫወቱኝ። ባላቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ነው የመጡት። በጉን አልሸጡትም። የልጃቸውን ማደሪያ ስለማያውቁት በወረቀቱ ራስ ላይ ያለውን የዳቦ ቤቱን ስም እያስነበቡ፣ እየጠየቁ ደረሱ። «ያለኝ አድራሻ የናንተው ነው» አሉኝ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ግን እየተለወጠ ነበር። ሰልፉ ላይ ያሉት ደንበኞች ልጁን ያውቁታል። ሴትዮዋ በቃላቸው ያሉትንም ሰምተዋል። ወሬው ተቋረጠ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ሌላዋ ዳቦዋን ሳትወስድ ወጣች። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ያያሉ። ገበሬ ቤት ያደገች ሴት የሰው ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቀስ በቀስ ወሬያቸው አጠረ። ስልቻውን ከወለሉ አንሥተው ጭናቸው ላይ አቀፉት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ ወረቀቱን እያሳዩኝ።

የጻፈው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ እኔ ገልብጬ ከማባዛት በቀር ምንም እንዳልጨመርሁ ነገርኋቸው።

«መቼ ነው የጻፈው?»

ወረቀቱ ላይ ቀን የለበትም። የጉንደ ወይን ሳምንት ብቻ ነው የሚለው፤ ቀን እንጻፍበት የሚል ሐሳብ ለማናችንም መጥቶልን አያውቅም። ጾሙ የገባ ሰሞን ነው አልኋቸው።

«ከዚያ ወዲህስ? ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሊገዛ መጥቷል?»

ውሸት ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ልል አስቤ ነበር። ዓይናቸውን እያየሁ አልሆነልኝም። እህቴ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ መጣች። እጇ ዱቄት እንደሆነ ከፊታቸው ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ያዘች። ሴትዮዋ ወደ ታች አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

ከዚያ፣ «በሩን ዝጉልኝ» አሉ።

ደንበኞቹ ሳይነገራቸው ወጡ። በሩን ዘጋሁት። ሴትዮዋ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠብቀው ነው ያለቀሱት። የዚያን ልቅሶ ነገር መጻፍ አልችልም፤ መጻፍም አልፈልግም። ፎርኖ ውስጥ የነበረው ዳቦ አረረ፤ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እንኳ የሚያወጣው አልተገኘም።

ፎርማኑና ዘመዲቱ ሲደርሱ የሚነገር መርዶ አልቀረም ነበር። ሴትዮዋ ፎርማኑን ብዙ ጠየቁት። ከምን ያህል ከፍታ ላይ ወደቀ፣ ተናግሮ ነበር ወይ፣ ዓይኑን የከደነለት ማን ነው፣ በምን ገነዛችሁት። ሰውየው ቆሞ አንድ በአንድ መለሰ። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ ሲላቸው ተነሥተው እጁን ሳሙት። ከዚያ ደግፈው ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት አይደረግም፤ ካህኑም አጠገባቸው ቆመው ከማዘን ሌላ ያደረጉት ነገር የለም።

መንገዱ ሲከፈት ዕቃ ሊያመጡ መጥተው የነበሩት ሐጂ ሐሙስ ዕለት ሊመለሱ ስለሆነ እሳቸው ራሳቸው ሴትዮዋን ይዘው ሊሄዱ ቃል ገቡ። እኔ በሐጂ እጅ የሚላከውን የጉንደ ወይን ወረቀት አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። የከተማው ሳምንት ወረቀት እዚያ ስላልደረሰ የልጁን ማረፍ እንደገና አስገብቼበት ነበር። ሴትዮዋ ከዘመዳቸው ጋር ዳቦ ቤት መጥተው ይህን ሲሰሙ እንዳይወጣ ለመኑኝ። ባላቸው እንደተኛ ይህን ከሰው አፍ ከሰማ አብሮ መሄዱ ነው አሉ። እሳቸው ራሳቸው ቀን መርጠው፣ አቅሙን አይተው ሊነግሩት ይፈልጋሉ።

ዋናው ቅጂ አልቆ ስለነበር እንደገና ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም። በጽሑፉ ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት ለጥፌ አስነሣሁት። የዚያ ሳምንት ወረቀት መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይዞ ጉንደ ወይን ሄደ። ሐጂ በኋላ እንደነገሩን ሰው ሁሉ፣ ይህ ምንድን ነው፣ ምን ተጽፎበት ነበር እያለ ይጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም ቀለም አልቆባቸው ነው እያሉ አለፉት።

ከፋሲካ በኋላ እህቴ አምዱን አቆመችው። አልተከራከርኋትም። ሁለት ወር ያህል ስለ ዳቦ ብቻ ጻፍሁ። የዳቦ ቅርፊት ለምን ይሰነጠቃል፣ የገብስ ዱቄት ከስንዴ ጋር እንዴት ይቀላቀላል። ቦዩ እንደገና ወረቀት በወረቀት ሆነ። ካርቶኑን ግን አላነሣነውም ነበርና መሙላቱን አላቆመም። ደህና ነኝ በሉልኝ፤ ደህና ነኝ በሉልኝ። ሰልፍ ላይ ያሉትም በግልጽ ይወቅሱን ጀመር። ለምን እንደቆመ የማያውቅ አልነበረም፤ አውቀውም ይፈልጉታል።

አንድ ቀን እህቴ ራሷ፣ «ቃሉ ነው እንጂ ሥራው አይደለም መጥፎ» አለችኝ። «'ነኝ' አትበዪ። 'ነበርሁ' በይ። በዚህ ቀን ደህና ነበርሁ። ይኸው እውነቱ ነው።» ሰዋስው አስተማሪዋ እኔ ሆኜ ይህን ያሰበችው እሷ ናት። ለሚቀጥለው ሳምንት እንደዚያው አድርጌ ጻፍሁና ለላኪዎቹ አሳየኋቸው። አንድም የወደደው የለም። አንዷ ሴት ደነገጠች፤ ሞቼ የተጻፈልኝ ይመስላል፣ እናቴ ይህን ብትሰማ ደረቷን ትመታለች አለች። ሌላውም ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። ስለዚህ «ነኝ» እንዲቀር፣ ግን ከሥሩ የተጻፈበት ቀን እንዲሰፍር ተስማማን። ቀኑንም የማይፈልጉ አሉ፤ ቤተሰባችን ቀን እየቆጠረ ይጨነቃል ይላሉ። ለእነሱ ሳንጽፍ እንተዋለን። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

የልጁን እናት ዳግመኛ አላየናቸውም። ነገራቸውን የምንሰማው ከሐጂ ነው። አገራቸው እንደገቡ ሐዘናቸውን ደበቁ። ጥቁር አልለበሱም፣ ጸጉራቸውን አልተላጩም፤ ያለቀሱት ውኃ ሲወርዱ ነው ይባላል። ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ አገዛቸው። ባላቸው ልጁ ለምን እንዳልመጣ ሲጠይቋቸው ሥራ በዝቶበት ነው ይሏቸዋል። ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ሲሉ ክረምቱ ገባ፤ ሰውየውም ልጃቸው በሕይወት እንዳለ እያወሩ አረፉ። ሴትዮዋ ሁለቱን ለቅሶ በአንድ ቀን ተቀመጡ። ሐጂም ለቅሶ ደርሰው ነበርና ሴትዮዋ የትኛውን እንደሚጠሩ ግራ ገብቷቸው ስም እያቀያየሩ ሲያለቅሱ መዋላቸውን ነገሩን።

አሁን ስልኩ ከበፊቱ ይሻላል። ኢንተርኔቱም ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ቻናሉን እንደገና ከፍቼዋለሁ፣ የድፎ ፎቶም እለጥፍበታለሁ። ወረቀቱ ግን አልቀረም፤ ስልክ የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ። የሠንጠረዡ ቅደም ተከተልም ያው ነው፤ ጉንደ ወይን፣ ደምበጫ፣ ከተማው፣ ዳቦው። መንገዱ ሲዘጋ ተራው ይገፋል እንጂ አይዘለልም።

የደምበጫ ሳምንት ሲደርስ ሳይቀሩ የሚመጡ አንድ ጡረተኛ አሉ። ልጃቸው ወደዚያ ተድራ ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቶባቸዋል። መልእክታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ያለሽበትን አሳውቂኝ» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስጽፉኝ ነበር። አሁን ባንኮኒው ጋ ይቆሙና ኮፍያቸውን ነክተው፣ «የኔን ታውቂው የለም? ቀኑን ብቻ ለውጪልኝ» ይሉኛል። እስካሁን የመጣላቸው መልስ የለም። እኔም ቀኑን እለውጥላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ዳቧቸውን ይዘው ይሄዳሉ።